ባሏን ያቀለመች ሴት

አክስቴ ከሰው ስትተዋወቅ መጀመሪያ የምታየው ፊቱን አልነበረም፤ የለበሰውን ልብስ ቀለም ነበር። ሰውየው ራቅ ካለ በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ያ ሰማያዊ ዓመት አይቆይም» ትለኛለች፣ ሐኪም ስለማይድን በሽተኛ ለዘመድ እንደሚናገረው።

ሥራዋ ክር ማቅለም ነበር። ምንጣፍ ሠሪዎች ነጭ የበግ ጠጉር ክር በቱባ በቱባ አስረው ያመጡላታል፤ እሷ ጓሮዋ ውስጥ ባሉት በርሜሎች ቀቅላ፣ ነክራ፣ አጥባ፣ ሽቦ ላይ አስጥታ ታስረክባቸዋለች። ቀይና ቡናማም ትሠራለች፤ ሠፈሩ የሚያውቃት ግን በቢጫዋ ነው። ቢጫውን የምታወጣው ከቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ነበር፤ ያ ሰው ሁሉ ልጦ ከሚጥለው፣ እንደ ወረቀት ከሚንኮሻኮሸው ደረቅ ልጣጭ። የሆቴል ወጥ ቤቶችና የሽንኩርት ነጋዴዎች በጆንያ ያጠራቅሙላታል። ነፋስ በተነሳ ቁጥር ልጣጩ ከጆንያው አፍ እየበረረ አጥር ይሻገራል።

«አንቺ እትዬ ቢጫ!» ትላለች ጎረቤታችን ከአጥሩ ወዲያ። «ሾርባዬ ውስጥ ገባብኝ እኮ!»

«ታዲያ ምን ያስጮኽሻል? በነፃ አጣፈጥኩልሽ።»

እኔ የእህቷ ልጅ ነኝ። እናቴን ሥራዋ ከከተማ ከተማ ያዞራት ስለነበር ያደግኩት እዚያ ቤት ነው። ዛሬም ሽንኩርት በላጥኩ ቁጥር ያ ጓሮ ይመጣብኛል፦ የእንፋሎቱ ሽታ፣ የእርጥቡ ጠጉር ሽታ፣ ከሽቦው ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ፣ ከሥሩ ያለው መሬት በዓመታት ያጠራቀመው ያ የዛገ ወርቅ የመሰለ መልክ። ልጅ ሆኜ መሬቱ ራሱ እንዲህ የተፈጠረ ይመስለኝ ነበር።

ከእሷ የተማርኩት የመጀመሪያው ነገር ክር ዝም ብሎ ቀለም እንደማይቀበል ነው። መጀመሪያ ከሱቅ የሚገዛ አንድ ነጭ ዱቄት በሙቅ ውሃ ተበጥብጦ ክሩ እሱን ይጠጣል። አክስቴ «ማስያዣ» ትለዋለች። «ያለ ማስያዣ የነከርሽው ቀለም እንግዳ ነው» ትል ነበር፣ በረጅም እንጨት በርሜሉን እያማሰለች። «በመጀመሪያው እጥበት ውልቅ ብሎ ይሄዳል። ማስያዣ የጠጣ ክር ግን የያዘውን አይለቅም፤ ብትለምኚውም አይለቅም።» ይህን ነገር የማነሳው በኋላ ያ ሁሉ ፍርሃት ከዚህችው ከማስያዣ ስለመጣባት ነው።

ባሏ የከባድ መኪና መካኒክ ነበር። ቀጭን፣ ረጅምና ጥብቅ ያለ ሰው ስለነበር ጋራዡ «ብሎን» የሚል ስም አወጣለት፣ እኛም «ጋሼ ብሎን» እያልን አደግን። እጁ ጥቁር ነበር፤ ሳሙናውም አሸዋውም ያልቻለው የግራሶ ጥቁረት። ሰው ሰላም ሲል እጁን ሰብሰብ አድርጎ ክንዱን ነው የሚያቀርበው። ገበታ ሲቀርቡ የእሷ ቢጫ እጅና የእሱ ጥቁር እጅ አንድ ሳህን ዳር ይገናኛሉ።

«ሁለታችንም ታጥበናል ብንል ማን ያምነናል?» ይል ነበር።

ሕመሙ የመጣው መኪና ሥር በጀርባው ተኝቶ ሲሠራ ነው። የረጅም ዘመን ጓደኛው፣ የጋራዡ በያጅ፣ እግሮቹ መንቀሳቀስ ማቆማቸውን አየ። «ተነስ ባክህ፣ ዛሬ ቀልድህ አልጣፈጠኝም» እያለ በቁርጭምጭሚቱ ይዞ ጎተተው። ከመኪናው ሥር የወጣው ፊቱ አመድ የመሰለ፣ ላብ ያጠመቀው ሰው ነበር። ለጥገና የመጣ የደንበኛ መኪና ላይ ጭነው ሆስፒታል አደረሱት። ወደ ልቡ ደም የሚወስደው ቧንቧ ተዘግቶ ነበር፤ ከፈቱለት። ተረፈ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች፤ ፈጠን ፈጠን የምትል፣ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ የምታስር። ክኒን አዘዘችለት፣ ከዚያ ጣቷን ቀስራ «ሲጋራ ባጠገብዎ እንዳያልፍ» አለችው።

«ሲጋራማ ከተወ ስንት ዘመኑ!» አለች አክስቴ ኮራ ብላ።

ጋሼ ብሎን ቀና ብሎ ጣሪያውን ተመለከተ።

ሊወጣ ሲል ደግሞ የአመጋገብ ባለሙያዋ ክፍሏ አስገብታ አነጋገረችን። ጠረጴዛዋ ላይ የፕላስቲክ ብርቱካንና የፕላስቲክ ዳቦ ተቀምጧል። ስለ ጨው፣ ስለ ስብ ከተናገረች በኋላ ወደ አትክልትና ፍራፍሬ ዞረች።

«ተክሎች ውስጥ ፍላቮኖይድ የሚባሉ ነገሮች አሉ» አለች። «ብዙ ጊዜ የሚበዙት ልጣጭ ላይ፣ ቅጠል ላይ፣ አበባ ላይ ነው። ለተክሉ ቀለም የሚሰጡትም ብዙዎቹ እነሱ ናቸው። የደም ሥርን ዘና ያደርጋሉ ይባላል። ሰዎችን ለዓመታት የተከታተሉ አጥኚዎች፣ እነሱ ያሉበትን ምግብ አዘውትሮ የሚበላ ሰው በልብ ሕመም የመያዝ ዕድሉ አነስ እንደሚል አይተዋል። ፖም ከነልጣጩ፣ ሻይ፣ ብርቱካን፣ ቀይ ሽንኩርት...»

አክስቴ ቀና አለች። «ሽንኩርት አልሽ?»

«አዎ እናቴ። በተለይ ወደ ውጪ ያለው።»

«ልጣጩስ?»

«ልጣጩ ላይማ ከሁሉም ይበዛል። ቢጫ ቀለም ያለው አንዱ ዓይነት እዚያ ነው ያለው። ግን ልጣጭ ማን...»

አክስቴ ከዚህ በኋላ ያለውን አልሰማችም። ሁለት ቢጫ እጆቿን የፕላስቲኩ ብርቱካን አጠገብ ዘርግታ እንደ ሌላ ሰው እጅ አየቻቸው። ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ ክንዴን ጨመቀችኝ። «ጉድ በይ! ዕድሜዬን ሙሉ የልብ መድኃኒት እየቀቀልኩ ለክር ሳጠጣው ኖርኩ!»

«እኔ እኮ ሁልጊዜ እላለሁ» አለ ጋሼ ብሎን፣ በሚገፋ የሕሙማን ወንበር ላይ ተቀምጦ። «ከእኔ ይልቅ ክርሽን ነው የምትወጂው።»

በማግስቱ አዲስ ድስት ገዛች። የቀለሙን ድስት ከምግብ ጋር አታገናኝም፤ በዚያ ነገር ቀልድ አታውቅም ነበር። ልጣጩን ከጆንያ መርጣ፣ አጥባ፣ ውሃው ጥቁር ሻይ እስኪመስል ቀቀለችው። ጠዋት ጠዋት ጋሼ ብሎን ክኒኑን መዳፉ ላይ አድርጎ ሲቀመጥ አንድ ብርጭቆ ትሰጠዋለች።

«ይኼ የሚጠጣ ነው የሚቀባ?»

«ጠጣ።»

«ስሞትና ስቀበር መሬቱ ቢጫ ቢሆን ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።»

«ጠጣ አልኩህ እኮ፣ አንተ ሰውዬ!»

ይጠጣል፣ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ብርጭቆውን ገልብጦ ያሳያታል።

ነገሩ በሽንኩርት አላበቃም። አክስቴ ባሏ የሚበላውን ሁሉ መፈተን ጀመረች፤ የምትፈትነውም በምታውቀው መንገድ ነው። ማስያዣ የጠጣ ነጭ ክር በጣት ርዝመት ቆርጣ፣ በትንሽ ድስት ምግቡን ቀቅላ ክሩን ትነክራለች። ሻይ ክሩን ቡናማ አደረገው፤ አለፈ። የፖም ልጣጭ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሰጠ፤ «ደካማ ነው፣ ግን ሐሰተኛ አይደለም» ተባለና አለፈ። የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ በተዘረጋች ሽቦ ቁርጥራጭ ክሮች ተንጠለጠሉ፣ ልክ የአሻንጉሊት ልብስ እንደታጠበ።

ከዚያ የካሮት ተራ ደረሰ። ጋሼ ብሎን ከአትክልት ወገን የሚወደው ካሮትን ብቻ ነበር። አክስቴ ሦስት ትልልቅ ካሮት ከትፋ ቀቀለች፣ ክሩን ነከረች፣ ጠበቀች። ክሩ እንደገባ ወጣ። ደገመችው። አሁንም ነጭ።

«ካሮት አስመሳይ ነው» ብላ ፈረደች። «ለዐይን ብቻ ነው። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት አይገባም።»

«ምን በደለ?» አለ ጋሼ ብሎን።

«ቀለሙን አይሰጥማ!»

«እኔም ለክርሽ ሰጥቼ አላውቅም። አባሪኝ እንግዲህ።»

ያኔ ዩኒቨርሲቲ እማር ነበርና ነገሩን ላስረዳት ሞከርኩ። ክር የማያቀልም ምግብ ሁሉ ከንቱ አይደለም፣ ካሮትም የራሱ ጥቅም አለው አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝና «አንቺ ደግሞ ክር ስታቀልሚ አይቼሽ አላውቅም» አለችኝ።

ሥራ ለጊዜው ተከልክሎ፣ በእግር መሄድ ግን ታዝዞለት ስለነበር ጋሼ ብሎን ከሰዓት በኋላ በዝግታ እየተራመደ ጋራዡ ይሄዳል። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ማንም ያልጠየቀውን ምክር ሲሰጥ ይውልና ደስ ብሎት ይመለሳል። አክስቴ ጃኬቱን ስታጥብ ግን ኪሱ ውስጥ አፈር ታገኛለች።

«ጋራዥ ነው የምትውለው እርሻ?»

«አቧራ ነው፣ እታለም።»

እንዲህ እንዲህ እያልን ከረምን። ፊቱ ሞላ፣ ደረጃ ሲወጣ ማለክለኩን ተወ። እጁም ጠራ። ቆዳው ሲታደስ ግራሶው ቀስ በቀስ ለቀቀ፤ አክስቴም ከተጋቡ ጀምሮ አይታው የማታውቀውን የባሏን መዳፍ አየች። መጀመሪያ ደስ አላት። «የጸሐፊ እጅ መሰለ» ብላ ሳቀችበት።

አንድ ቀን ጠዋት መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ክኒኑን መዳፉ ላይ ዘርግቶ ሳለ ብርጭቆውን ልትሰጠው ጎንበስ አለችና እጇ አየር ላይ ቀረ። መዳፉ ቢጫ ነበር።

ብርጭቆውን አልሰጠችውም፤ «ዛሬ ቀዝቅዟል» ብላ ይዛው ተመለሰች። ከምሳ በኋላ ጋሼ ብሎን ሶፋው ላይ ሸለብ ሲያደርገው፣ ከትምህርት የተመለስኩት እኔ በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። የቢጫ ቱባዎቿን ሁሉ ይዛ መጥታ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካለች። አንዱን ቱባ ታነሳና ከተዘረጋው መዳፉ አጠገብ ታደርገዋለች፤ ትመልሰውና ሌላ ታነሳለች። ከዚያ ካልሲውን በቀስታ ሸርተት አድርጋ ውስጥ እግሩንም ከቱባው ጋር አስተያየች። የምንጣፍ ነጋዴ ደንበኛ ፊት እንደሚያደርገው።

በእጇ ምልክት ወደ ጓሮ ጠራችኝ።

«ልጄ» አለችኝ፣ ከንፈሯ ደርቆ። «ባሌን አቀለምኩት።»

ሳቄ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ፊቷን ሳየው ተመልሶ ገባ።

«ምን ማለትሽ ነው፣ እትዬ?»

«በውስጡ አቀለምኩት። የእኔ እጅ ከውጪ ነው፣ ያሻሁት እንደሆነ ይለቃል። የእሱ ከውስጥ ነው የወጣው። ልጣጩን ብቻውን ቢጠጣ ይወጣለት ነበር። ክኒኑን አስቀድሞ እየዋጠ በላዩ ላይ እኔ ቀለም አፈሰስኩበት። ገባሽ? ክኒኑ ማስያዣ ሆነበት! እጁ እንዲህ ከሆነ ልቡ ምን ሆኗል? ልቡንስ ይዞት እንደሆነ?»

በርሜሎቹ መሃል ቆመን ነበር። ሽቦው ላይ የተሰጡት ቢጫ ክሮች እያንዳንዳቸው አፍ አውጥተው የሚመሰክሩባት ይመስሉ ነበር። እኔ ክር ባላቀልምም ሌላ ነገር አነባለሁ፤ ሰው ቢጫ ሲሆን ጉበቱ እንደሚጠረጠር፣ አንዳንድ ክኒንም ጉበት እንደሚጎዳ አውቃለሁ። ግን አልነገርኳትም። ከልብ አምልጦ ጉበት ላይ ቢወድቅ ምን እንለዋለን? እሷ የራሷን ፍርሃት ይዛ፣ እኔ የራሴን ይዤ፣ የሐኪሟ ቀጠሮ ቅርብ በመሆኑ እሱን ጠበቅን። ልጣጩ ከዚያች ቀን ጀምሮ ቆመ። ጋሼ ብሎን «ምነው፣ ክሩ ሁሉን ጠጣው?» ብሎ ጠየቀ።

የቀጠሮው ቀን አክስቴ ቦርሳዋ ውስጥ ክዳን ባለው ጠርሙስ የልጣጭ ውሃና አንድ ቱባ ቢጫ ክር ከታ መጣች። ለእሱ ደግሞ የሱፍ ጓንት አጥልቃለታለች። መጠበቂያው አዳራሽ በሰው ተሞልቶ ይሞቃል።

«ምነው እጄን እንደ ሌባ ሸፈንሽው?» አለ ጋሼ ብሎን።

«ብርድ አለ።»

«ሰው በሸሚዝ ነው ያለው እኮ።»

«አንተ ልብህ የታመመ ሰው ነህ፤ ዝም በል!»

ተጠራን። ሐኪሟ ማዳመጫዋን ደረቱ ላይ፣ ከዚያ ጀርባው ላይ አድርጋ ብዙ አዳመጠች። ግፊቱን ለካች። የልብ ምቱን የሚያሳየውን ወረቀት ገለበጠች። አክስቴ የቦርሳዋን ማንገቻ እየጠመዘዘች ፊቷን ፊቷን ታያለች።

«ልብዎ በጣም...» ብላ ሐኪሟ ጀመረች።

«የኔ ልጅ፣ ልቡን ቆይ፣ መጀመሪያ እጁን እዪው!» አለች አክስቴና ጓንቱን ከእጁ ላይ መንጭቃ አወጣችው።

ሐኪሟ መዳፉን ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። በአውራ ጣቷ ጫን አለችው። ጫማውን አስወልቃ ውስጥ እግሩን አየች። ከዚያ የታችኛውን የዐይን ሽፋኑን ወደ ታች ሳብ አድርጋ «ወደ ላይ ይዩ አባባ» አለችው።

«ዐይኑ ነጭ ነው» አለች። ከዚያ የደም ምርመራውን ውጤት ፈልጋ አነበበች። «ጉበቱም ደህና ነው። ምንም የለበትም።»

እኔ ያኔ ነው የተቀመጥኩት። አክስቴ ግን የእኔን ፍርሃት ስለማታውቅ የእኔም እፎይታ አልደረሳትም። ጠርሙሱን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አደረገችው፣ ቱባውን ክር ከጎኑ አስቀመጠች፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገረች፦ ልጣጩን፣ ብርጭቆውን፣ ክኒኑን፣ ማስያዣውን። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች በመጨረሻ። «ልቡን ቀለም ይዞት እንደሆነ ንገሪኝ። እቻለዋለሁ።»

ጋሼ ብሎን ሚስቱን አፉን ከፍቶ ያያታል። የጓንቱ ምክንያት አሁን ገባው።

ሐኪሟ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። «እናቴ» አለች ወንበሯን አቅርባ፣ «ልጣጩ ውስጥ ያለው ፍላቮኖይድ ሰውነት ውስጥ አይቀመጥም። ሰውነት እንደ ባዕድ ነው የሚያየው። ትንሽ ሰዓት ይዘዋወርና አብዛኛው በሽንት ይወጣል። ክኒኑም አያስይዘውም። ለዚህ እኮ ነው አንድ ቀን ብዙ ከመጠጣት ይልቅ በየቀኑ ከምግብ ጋር በትንሽ በትንሹ ይሻላል የምንለው።»

«እንግዳ ነው በይኛ!» አለች አክስቴ። «በመጀመሪያው እጥበት ውልቅ የሚል!»

«ልክ እንደዚያ።»

«ታዲያ ይኼ ከየት መጣ?» የባሏን እጅ አንስታ አሳየቻት።

ሐኪሟ ወደ ጋሼ ብሎን ዞረች። «አባባ፣ ካሮት ይበላሉ?»

«ካሮት!» አለች አክስቴ ለእሱ መልሳ። «ካሮት ከቤቴ ከተባረረ ቆየ። ክር እንኳ አያቀልምም እኮ፣ የኔ ልጅ!»

ጋሼ ብሎን ቀና ብሎ ጣሪያውን ተመለከተ።

ያንን አስተያየቱን እኔም አክስቴም አንድ ላይ አወቅነው። እሱም መታወቁን አወቀ። እጁን ጃኬቱ ኪስ ከቶ አፈር ያልለቀቀው ካሮት አወጣና ከጠርሙሱ አጠገብ አስቀመጠው። ከሌላው ኪሱ ሁለተኛ አወጣ። ከደረት ኪሱ ግማሹ የተበላ ሦስተኛ።

«በያጁ ነው የሚገዛልኝ» አለ፣ ጓደኛውን አሳልፎ እንደሚሰጥ ልጅ። «ቀኑን ሙሉ ነው የምቆረጥመው። አፌ ሥራ ፈታ እኮ። እጄም የሚይዘው አጣ።»

«ለምን ሥራ ይፈታል?» አለች አክስቴ። ከዚያ ገባት። ቀስ ብላ፣ ከእግሯ እስከ ራሷ ገባት። «አንተ! ያን ሁሉ ዓመት?»

«ጋራዡ ጀርባ ብቻ ነው... በቀን ጥቂት...»

«ተውኩ ብለኸኝ እኮ ነው! በእናትህ ስም ምለህ!»

«የተውኩትማ መኪናው ሥር ነው» አለ ጋሼ ብሎን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ደረቴን ሲይዘኝ። ከዚያ ወዲህ አንዲት ሲጋራ አልነካሁም። ካሮቱ ይመስክርልኝ።»

ማናችን መጀመሪያ እንደሳቅን አላስታውስም። የማስታውሰው አክስቴ የራስ መሸፈኛዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ነው፤ የሳቅ ነው የልቅሶ አልለየሁትም፤ እሷም የለየችው አይመስለኝም። ያን ጊዜ የያዘችው ነገር ሁሉ ለቀቀ።

ሐኪሟ ጸጥ እስክንል ጠብቃ ቀሪውን ነገረችን። ልቡ ከጠበቀችው በላይ አገግሟል። የካሮት ቀለም ከፍላቮኖይድ የተለየ፣ የሌላ ወገን ነው፤ ውሃ አይወድም፣ የሚወደው ስብ ነው። ስለዚህ ክሩን በውሃ አላቀለመም፣ የሰውዬው ቆዳ ሥር ግን ገብቶ ተደላድሎ ተቀመጠ። ጉዳት የለውም፤ ካሮቱን ሲቀንስ ከጊዜ ጋር ይጠፋል። የልጣጩን ውሃ ግን ከለከለች። «አባባ ደም የሚያቀጥን ክኒን ነው የሚወስዱት። እንዲህ ተፈልቶ የወፈረ ነገር ከሱ ጋር ምን እንደሚያደርግ በደንብ አናውቅም፤ ሽንኩርት ምግብ እንጂ መድኃኒት አይደለም። ሽንኩርቱን ሰላጣ ላይ ያድርጉለት፣ ልጣጩን ለክርዎ ይተዉለት። ክኒኑን ደግሞ በውሃ።»

«ሰማሽ?» አለ ጋሼ ብሎን። «በውሃ!»

ወደ ቤት የሄድነው በእግር ነው። አክስቴ ግማሹን መንገድ አኮረፈችው። ዳቦ ቤቱ ጋ ስንደርስ እጇን ዘርግታ «አምጣ» አለችው። የቀረውን ካሮት ሰጣት። በቀሚሷ ጠርጋ ቆረጠመችው፣ አኘከች፣ አሰበች።

«ጣፋጭ ነው» አለች ቅር እያላት።

ቤት እንደገባን ግን ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ቆይቶ የሚጠበስ ነገር ሸተተን። ስንገባ በትንሽ መጥበሻ ዘይት አግላ፣ ካሮት ፈቅፍቃ ጨምራ፣ ዘይቱ ብርቱካን ከመሰለ በኋላ አንድ ነጭ ክር ነክራበታለች። በሹካ አንስታ ወደ መስኮቱ ያዘችው። ክሩ ቢጫ ሆኖ ነበር። ልክ የጋሼ ብሎን መዳፍ ቢጫ።

«ዐይኔ ነግሮኝ ነበር እኮ» አለች ለራሷ። «ቱባዎቼን ሁሉ ሳስተያይ አንድም አልገጠመም። ወደ ቀይ ያደላ ነበር። የእኔ ቢጫ አልነበረም። ፍርሃት ይዞኝ እንጂ ዐይኔ ነግሮኝ ነበር።» ከዚያ ክሩን ሽቦው ላይ፣ ከሻዩና ከፖሙ ክር ጎን ሰቀለችው። ለምንም ምንጣፍ የማይሆን፣ ዘይት የሚያንጠባጥብ ክር። እዚያው ዓመታት ከረመ፤ አቧራ እየጠጣ ጠቆረ እንጂ ማንም አልነካውም።

የእሱ መዳፍ በስተኋላ ነጣ። አክስቴ በየጠዋቱ ክኒኑን ሲዘረጋ ጎንበስ ብላ ታይ ነበር፣ የሚደርቅ ክር እንደምታይ። ሰላጣው ላይ ሽንኩርት፣ ከምግብ በኋላ ፖም ከነልጣጩ፣ ሻይ፤ ጨዋታው ሁሉ እዚያ ላይ ቆመ። «ቀለም አይደለማ፣ አንዴ ነክረሽ የምትገላገይው» ትለኝ ነበር። «በየቀኑ ነው።»

ሐኪሟ ቀለል ያለ ሥራ ስትፈቅድለት ጋራዡ ተመለሰ። የመጀመሪያውን ቀን ሲመጣ በር ላይ ነበርኩ። እጆቹ እስከ አንጓው ጥቁር ሆነዋል፤ እንደ ድሮው ክንዱን አቀረበልኝ። አክስቴ ከጓሮ ወጣች። በዚያ ጥቁር እጅ ስንት ዓመት ጮኻበታለች፤ ስንት ፎጣ አበላሽቶባታል! ያን ቀን ግን በቢጫ እጇ እጁን ያዘች፣ መዳፉን ወደ ብርሃኑ ገለበጠች፣ ከግራሶው ሥር ያለውን ቆዳ በአውራ ጣቷ ጠረግ ጠረግ አድርጋ አየች።

«ምን አገኘሽ?» አለ ጋሼ ብሎን።

«ምንም» አለች፣ ሳሙናውን እያቀበለችው። «ጥቁር ብቻ።»